የተገለበጠው ነጠላዬ

ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋብኝን እኔን እግዚአብሔር ለምን አገልግሎት ይፈልገኛል? ይህን ጥያቄ ከሰንበት ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ ምረቃዬ ድረስ ይዤው ኖሬያለሁ።

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ይታይሽ ምጥ ጠናባትና ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ በሕዝብ ሚኒባስ ይዣት ወጣሁ። መንገዱ መኪና እንዳያልፍ በግንድ ተዘግቷል። ክላሽ ያነገተ ጎልማሳ አስቆመንና በመስኮት አየኝ።

«እህቴ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?»

ወደ ራሴ ባይ፣ በጥድፊያ ነጠላዬን ገልብጬ ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቴ አድርጌዋለሁ። አፍሬ አቀረቀርኩ። ሹፌሩ እንዲያሳልፈን ብሎ ቀድሞኝ «ወንድሟ ነው» አለ።

«ነፍስ ይማር! እሷ ለቀብሩ በእግሯ ትለፍ። መኪናው ግን ይመለስ።»

ተሳፋሪው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል። ይታይሽ ከኋላ ወንበር «እመቤቴ ማርያም፣ ድረሽልኝ!» ትላለች። ያኔ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«ማንም አልሞተብኝም! መኪናውን ከመለስከው ግን ይህች እናት ትሞታለች፤ ያን ጊዜ ነጠላዬን እንዲሁ ገልብጬ ደጅህ ድረስ እመጣለሁ!»

ሰውየው ይታይሽን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ግንዱን ራሱ ጎትቶ አነሳው።

«በይ ነጠላሽን አስተካክይ፤ እናንተም ፍጠኑ! ማርያም ትፍታት!»

ይታይሽ ሆስፒታል በገባች በሰዓቱ መንታ ወለደች። ሹፌሩ ምሥራቹን ሲሰማ «አንቺ ልጅ፣ ለካ አፍ አለሽ!» ብሎ ሳቀብኝ።

«ከእንግዲህ ወላድ በጫንክ ቁጥር ጥራኝ» አልኩት፤ «አጠገብህ ያለው ወንበር የእኔ ነው።»