ዓይን የማያስጨፍን ፍላሽ

እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ቢሆንም ሰፈሩ የሚያውቃት «ቁጭበይ» በሚል ነው። እግር ካወጣችበት ቀን ጀምሮ አንድ ቦታ ረግታ አታውቅም። ቤት ውስጥ «ቁጭ በይ!»፣ ክፍል ውስጥ «ቁጭ በይ!»፣ አውቶቡስ ላይ «ኧረ ይቺን ልጅ ቁጭ በይ በሏት!» ሲባል ሲባል ትእዛዙ ስም ሆኖ ተለጠፈባት። አሁን አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ዛሬም ምሳዋን የምትበላው ቆማ ነው። ስልክ ስታወራ ከበሩ እስከ መስኮቱ ትመላለሳለች። ባሏ ቀለም ቀቢ ነውና፣ «የዚህን ቤት ወለል በየዓመቱ የምቀባው በአንቺ እግር ምክንያት ነው» ይላታል።

ለድግስ ፎቶ አንሺነት ግን ጠባይዋ ተስማምቷታል። አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ስቱዲዮ ተቀጥራ ጉርድ ፎቶ ስታነሳ ሥራው አንገቷ ድረስ ሰልችቷት ነበር። ስቱዲዮው ሲዘጋ አለቃዋ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራና ካሜራው ራስ ላይ የሚሰካ አንድ ፍላሽ ሰጥተው አሰናበቷት። ከዚያ ወዲህ ሠርግና ልደት፣ ምርቃትና ሽኝት እያሳደደች ትኖራለች። ፍላሹ ኦቶማቲክ ነበር፤ የሚያበራውን ልክ ራሱ ይለካል፤ የእሷ ድርሻ መጫንና ወደሚቀጥለው ሰው መሮጥ ብቻ።

አንድ እሁድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ኬኩ ላይ ቢላ እንዳሳረፉ ፍላሹ «ጧ!» አለና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ሙሽራዋ ደንግጣ ቢላዋን ለቀቀችው። ቁጭበይ የቀረውን ካሜራው ራሱ ላይ ባለችው ትንሽ ፍላሽ አነሳች። ቤቷ ገብታ ፎቶዎቹን ስታያቸው ፊቱ ሁሉ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፣ ዓይኑ ሁሉ ቀልቷል፣ ከኋላ ያለውን እንግዳ በሙሉ ጨለማ ውጦታል።

ሰኞ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። የደወሉት የልጅነት አስተማሪዋ ነበሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረው ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ መሸኛ አዘጋጅቶላቸዋል።

«የምታነሳኝ እሷ ናት ብያቸዋለሁ» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«ይዘዙኝ ቲቸር።»

«ያ ብልጭታችሁ! ሊመጣ ሲል ዓይኔ ቀድሞት ይጨፈናል። ደጅ ብወጣ ደግሞ ፀሐዩ ያው ነው። እዚህ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሠላሳ ስድስት የክፍል ፎቶ ተሰቅሏል፤ ዓይኔ የተገለጠበት አንድም የለም። ልጆቹ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ አይደል?»

«ኧረ አላውቅም ቲቸር።»

«ውሸታም!» አሉ እየሳቁ። «እንቅልፎ ነው የሚሉኝ። ከመሄዴ በፊት አንዴ ነቅቼ ልታይ።»

ቁጭበይ ስልኩን ስትዘጋ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ነበር። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል እያለች።

ማክሰኞ ሱቆች ሳይከፈቱ በር ላይ ደረሰች። መጀመሪያ የገባችው ካሜራ ብቻ የሚሸጥበት ባለመስታወት ቤት ነው። ሻጩ የካሜራዋ አምራች ራሱ የሠራውን ፍላሽ ከነሳጥኑ አምጥቶ ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀመጠላት። ዋጋውን ሲነግራት፣ «ሙሽራዋንም ይጨምራል?» አለችው። ሰውዬው አልሳቀም። እሷም አመስግና ወጣች።

ቀጥላ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥ አንድ ወጣት ዘንድ፣ በጆሮ ማዳመጫዎች መሃል የተንጠለጠለ ፍላሽ አየች። ዋጋው ከአቅሟ ጋር ይገጥማል።

«ኦቶማቲክ ነው?»

«ሁሉን ያውቃል እትዬ። እርስዎ መጫን ብቻ ነው።»

«ጭንቅላቱስ ይነሳል?» አለች፤ ብርሃኑን ሰው ዓይን ላይ ሳይሆን ኮርኒስ ላይ ልታነጥረው አስባለች።

«ይኸው!» ብሎ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳላት።

ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ልጁ ደረሰኙን ጽፎ ሳይጨርስ እሷ መንገዱን ተሻግራ ነበር።

ቤት ስትደርስ ባሏ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ያነባል። የፍላሹን ጭንቅላት ወደ ነጩ ኮርኒስ አዙራ ተጫነች። ብርሃኑ ኮርኒሱ ላይ ነጥሮ ቀስ ብሎ በባሏ ትከሻና ፊት ላይ ወረደ። ሰውዬው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም፤ ጋዜጣውን ገለጠ።

«አገኘሁት!» አለች፣ ካሜራውን ፊቱ ላይ ደቅና።

አየው። «ያምራል። አዳራሹ ውስጥስ ምን ላይ ልታነጥሪው ነው?»

«ኮርኒሱ ላይ ነዋ።»

«ስሚ፣ ያንን አዳራሽ አምና የቀባሁት እኔ ነኝ። ኮርኒሱ እንጨት ነው፤ ጠቆር ያለ ቡኒ። ለዚያውም ሩቅ ነው፤ ረጅሙን መሰላል ተውሼ ነው የደረስኩበት። ብርሃንሽን ውጦ ዝም ነው የሚልሽ።»

«ግድግዳውስ?»

«ግድግዳው ክሬም ነው። ሁለት እጅ ለቅልቄዋለሁ።»

የፍላሹን ጭንቅላት ወደ ጎን ልታዞር ሞከረች። አልዞር አለ። ገፋችው፤ ቀጭ አለ እንጂ አልዞረም። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ቀስ በይ፣ ትሰብሪዋለሽ» አላት ባሏ። «ሳትገዢ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«አንተስ ሳልገዛ ብትነግረኝ?»

«ፍላሽ ልትገዢ መሄድሽን መች አወቅኩና!»

እውነቱን ነው፤ አልነገረችውም። ያን ምሽት እራቷን በእጇ ይዛ በሁለቱ ክፍሎች መሃል ስትዞር አመሸች።

ረቡዕ ጠዋት ፍላሹን ይዛ ተመለሰች። ወጣቱ፣ «የተሸጠ ዕቃ አንመልስም እትዬ» አላት። እሷም አልተጨቃጨቀችም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ወዲህና ወዲያ ማለት ጀመረች። አንድ ደንበኛ በመጣ ቁጥር ፍላሹን እያሳየች፣ «ይሄ ጭንቅላቱ ወደ ጎን አይዞርም፤ እንዳትሸወዱ» ትላለች። ቻርጀር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ ፍላሹን አገላብጦ ያያል። አራተኛው ሰው ላይ ወጣቱ ተሸነፈ።

«እንኩ ገንዘብዎ። ከዚህ ሕንፃ ጀርባ ካሜራ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ፤ እባክዎ እሳቸውን ያድርቁልኝ።»

ጠጋኙ የሚሠሩበት ክፍል ሁለት ሰው አያስቆምም። ግድግዳው በሙሉ ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ የተፈታ ሌንስ፣ ብሎን፣ የባትሪ ክዳን ይታያል። ሽማግሌው ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጧትና ሦስት ያገለገሉ ፍላሾች ደረደሩላት።

«ይሄ የፊልም ካሜራ ዘመን ነው። በጣም ርካሽ ነው፤ ግን እንዳትነኪው። አንዳንዶቹ በእግራቸው በኩል የሚያስተላልፉት ኤሌክትሪክ የዛሬን ካሜራ ያቃጥላል። ሁለተኛው ኦቶማቲክ ነው፤ ጭንቅላቱም በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ግን ጉልበት የለውም። ብርሃን ግድግዳ ላይ ሲነጥር ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይሄ ደግሞ መጀመሪያውኑ የያዘው ጥቂት ነው።»

«ሦስተኛውስ ጋሼ?»

«ጉልበት አለው። ወደ ላይም ወደ ጎንም ይዞራል። ግን ማኑዋል ነው፤ ምን ያህል ማብራት እንዳለበት አንቺ ካልነገርሽው አያውቅም።»

«እኔ በማኑዋል ሠርቼ አላውቅም።»

«ሥራሽ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

«እስከዚያ ትለምጂዋለሽ። ሌላ ጣጣ ነው ያለው። በሙሉ ጉልበቱ አንዴ ካበራ በኋላ እስኪሞላ አምስት ሰከንድ ይፈጃል። ይቺ ቀይ መብራት እስክትበራ መጠበቅ ነው፤ ቀድመሽ ከተጫንሽ ጨለማ ታነሻለሽ።»

«አምስት ሰከንድ?» አለች፣ ወደ በሩ ሄዳ እየተመለሰች። «ጋሼ፣ እርስዎ እኔን አያውቁኝም።»

ሽማግሌው በዓይናቸው ተከተሏት። «እያወቅኩሽ ነው» አሉ።

በእጇ አንዴ ኦቶማቲኩን፣ አንዴ ማኑዋሉን እያነሳች ቆየች። ኦቶማቲኩ እንደ ድሮው ሊያሯሩጣት ይችላል። ይሁን እንጂ ያ አዳራሽ፣ ያ ጥቁር ኮርኒስ፣ የመምህርቷ «አንዴ ነቅቼ ልታይ» ጆሮዋ ላይ ነበር። ማኑዋሉን ገዛች። ሽማግሌው የባትሪውን ቤት በጨርቅ ወልውለው፣ አራት ባትሪ ከነመለዋወጫው መያዝ እንዳለባት አስጠንቅቀው ሸኟት።

ሐሙስና ዓርብ ቤቱ ስቱዲዮ ሆነ። ወንበር ላይ ኮት ሰቅላ አነሳችው። ባሏን በር ሥር፣ መስኮት ሥር፣ ቁምሳጥን አጠገብ እያቆመች አነሳችው። ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያለች ጉልበቱን ትቀያይራለች። በወጥ ቤቱ አረንጓዴ ግድግዳ ላይ ስታነጥረው ባሏ ጉበቱን የታመመ መሰለ።

«ሳልሞት ቀበርሽኝ» አላት ፎቶውን አይቶ።

ከሁሉ የከበዳት ግን መጠበቁ ነው። ሐሙስ ካነሳችው አርባ ፎቶ ሃያ ሦስቱ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ጣቷ ቀዩን መብራት እየቀደመው። ዓርብ ባሏ ጎኗ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለ ይቆጥርላት ጀመር። «አራት» ላይ ትጫናለች። ከሰዓት አዳራሹን አይታ ለመሞከር ትምህርት ቤት ድረስ ሄዳ ነበር፤ ጥበቃው ቁልፍ የያዘው ሰው የለም ብሎ መለሳት። ስለዚህ ቅዳሜ የገባችው በግምት ነው።

አዳራሹ ባሏ እንዳለው ነበር። ኮርኒሱ ጉድጓድ ይመስላል። መምህርቷን መድረኩ መሃል፣ ከሁለቱም ግድግዳ በራቀ ቦታ አበባ ባለበት ጠረጴዛ ኋላ አስቀምጠዋቸዋል። ርዕሰ መምህሩ ንግግር ሲያደርጉ ፍላሹን ወደ ላይ አድርጋ ሞከረች፤ ርዕሰ መምህሩ ጥላ ሆነው ወጡ። ፊት ለፊት አድርጋ መምህርቷን አነሳች፤ ዓይናቸውን ግጥም አድርገው ጨፍነዋል። ስድስት ጊዜ ሞከረች፤ ስድስቱም ጊዜ እንቅልፎ። በግራ ሄደች፣ በቀኝ መጣች፣ የሰው እግር ረገጠች። ላብ በጀርባዋ ይወርዳል። ስጦታ ሊሰጡ ተራ የያዙት ወላጆች መነሳት ሲጀምሩ መድረኩ ላይ ወጣች።

«ቲቸር፣ ከዚህ ይውረዱልኝ። እዚያ ግድግዳው ጋ።»

«እህቴ፣ ፕሮግራም አለን እኮ!» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት በፕሮግራም ነው የኖርኩት» ብለው መምህርቷ ተነሱ። አንድ መምህር ወንበራቸውን ተሸክሞ ተከተላቸው።

ክሬሙ ግድግዳ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። የፍላሹን ጭንቅላት ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ጉልበቱን ሙሉ አደረገች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። መምህርቷ «ሦስት» ከመባሉ በፊት ጨፍነው ነበር። ብርሃኑ ከግድግዳው ነጥሮ ለስለስ ብሎ አለፈ።

«አለቀ?» አሉ እንደጨፈኑ።

ጣቷ ሊጫን ቃጣው። ቀዩ መብራት አልበራም። እግሯ ሊነሳ ፈለገ፤ ከተነሳች ልኩ ይበላሻል። ጥርሷን ነክሳ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እንደ ተተከለ ችካል ቆመች። መምህርቷ ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ያቺ የማታርፍ ተማሪያቸው ፊታቸው ድርቅ ብላ መቆሟን አዩ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ፣ ዓይናቸው በመገረም ፈጥጦ። «ረግተሽ ስትቆሚ ገና ዛሬ አየሁሽ!»

ቀዩ መብራት በራ። ተጫነች።

ፎቶውን በካሜራው መስኮት ስታሳያቸው መነጽራቸውን ከቦርሳ አውጥተው አደረጉ። ዓይናቸው ትልቅ ነው፤ ጥቁር ነው፤ ብርሃኑ በአንድ በኩል ገብቶበት ጥርት ብሏል።

«ለካ ልጆቹ ክፍል ስገባ ዝም የሚሉልኝ ይሄን ዓይን ፈርተው ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። «ይሄ ግድግዳ ላይ ይሰቀልልኛል። ከሌላችሁ ምስማሩን እኔ እገዛለሁ።»

ሁሉም ነገር ግን አልሰመረም። የርዕሰ መምህሩ ንግግር ጨልሞ ቀርቷል፤ በኮምፒውተር ስታበራው ፎቶው አሸዋ የተበተነበት መሰለ። ሳትደብቅ ሄዳ ነገረቻቸው። ቅር አላቸው፤ አኮረፉም። የመምህርቷ ፎቶ ታጥቦ መጥቶ ሲሰቀል ግን ከፊቱ ቆመው ትንሽ አሰቡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ደወሉላት።

«የዘንድሮውን የክፍል ፎቶ አንቺ ታነሺልናለሽ። ሰባት ክፍል ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል?»

«ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

«ለምን ሁለት?»

«ፍላሼ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው» አለች። ይህን ስትናገር በሩና መስኮቱ መሃል ነበረች።

ሥራው በሚጀመርበት ዋዜማ ባሏ በቆርቆሮ የተረፈ ክሬም ቀለም ይዞ አብሯት ወደ አዳራሹ ሄደ። የግድግዳውን ታችኛ ክፍል ተማሪዎች በጫማቸው አጥቁረውታል፤ ብርሃን አያነጥርም። እሱ ተንበርክኮ ሲቀባ እሷ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየሄደች ወንበሮቹ የት እንደሚቀመጡ ታሰላለች። እርምጃዋ ወለሉ ላይ ጧ ጧ ይላል።

«ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ይፈጃል» አላት ብሩሹን እያጠበ። «ወደ ቤት እንሂድ?»

«አይ፣ ሲደርቅ አንዴ ልሞክረው» ብላ ባትሪዎቹን ከቦርሳዋ አወጣች።