አንድ ቀን የዘገየው ነፋስ

ባለፈው የካቲት አዲስ አበባ ያለችውን ልጄን ጠይቄ ወደ ጅማ ስመለስ ሚኒባሱ አሰንዳቦ ላይ ለምሳ ቆመ። ሹፌሩ ሬዲዮውን ሳይዘጋ ወርዶ ነበርና እኔ መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ የአየር ትንበያውን አዳምጣለሁ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ ጠንከር ያለ ነፋስ ይኖራል፤ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ደረቁ አየር ይቀጥላል፤ ኅብረተሰቡ ከእሳት አደጋ ይጠንቀቅ ትላለች አንባቢዋ። ሹፌሩ ተመልሶ ሲገባ ዘፈን ወዳለበት ጣቢያ ቀየረው። ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሣር ግን ነጭ እስኪመስል ደርቆ ነበር፤ እኔም ከዚያ እስከ ጅማ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ወራት ሠልጥኜ፣ ተወልጄ ባደግሁበት ጅማ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ተቀጠርኩ። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሬ ከሰቶ ሰመሮ በእግሬ እየወጣሁ ሙቀቱን አነባለሁ፣ የዝናብ መለኪያውን አያለሁ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እመለከታለሁ። አለቃዬ አቶ ሙላቱ ያነበብኩትን በሬዲዮ መገናኛ ወደ አዲስ አበባ ያስተላልፋሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትንበያው ከዚያ ይመጣልናል። አቶ ሙላቱ ጎንደሬ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ሹራብ ከትከሻቸው የማይወርድ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ታስረው የተፈቱ ሰው። ስለ እስሩ አንድም ቀን አውርተው አያውቁም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ግን እጃቸው የሚያርፍበት ቦታ ሲያጣ አይ ነበር።

ጅማን ዝናብ በዝናብ አድርጎ የሚያስብ ሰው የዚያን ዓመት በጋ ቢያይ አያምንም። ጥር አለፈ፣ የካቲት ገባ፣ የዝናብ መለኪያው ውስጥ ከአቧራ በቀር የሚገኝ ጠፋ። በየቡና መሬቱ የዋንዛው ቅጠል ረግፎ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ገበሬው ለበልግ መሬት ሊያዘጋጅ ቁጥቋጦ የሚያቃጥልበት ወቅት በመሆኑ ከከተማው ሆነው ሲያዩ በየኮረብታው ጭስ አይጠፋም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የመጣው ትንበያ ታዲያ ባለፈው የካቲት አሰንዳቦ ላይ ከሰማሁት ብዙም የተለየ አልነበረም። ነፋሱ ከሐይቆቹ ወገን ተነስቶ በማግስቱ እኛም ጋ እንደሚደርስ ይናገራል። አቶ ሙላቱ ሁለት ጊዜ አነበቡትና በአጋሮ መንገድ ላይ ካለችው ከየቡ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር በማግስቱ ትልቅ ተዳፋት ሊያቃጥል መሆኑን ከግብርና ሠራተኞች መስማታቸውን ነገሩኝ። ቦታው ለአዲስ የቡና ተክል ይጠረጋል፤ የሥራ ዘመቻውን ለማየት ከአውራጃው ባለሥልጣናት በእንግድነት ተጋብዘዋል። ከተዳፋቱ ሥር ደግሞ መንደሩ በሙሉ የሚተዳደርበት ያረጀ ቡና አለ። እዚያ ስልክ የለም። እሳቸው ወባ ይዟቸው በዚያ ሙቀት እየተንቀጠቀጡ ስለነበር እኔ እንድሄድ ተስማማን።

ቡና ሊጭን ወደ አጋሮ ከሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ከፊታችን መኪና ባለፈ ቁጥር ሹፌሩ አቧራው እስኪበተን ይቆማል። ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራት።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አባ ዱራ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። መልእክቱን ስነግራቸው ቆመው ሰሙኝና ለማኅበሩ የተመደበውን ካድሬ አስጠሩ። ካድሬው ከእኔ በሦስት አራት ዓመት ቢበልጥ ነው። ካኪው በደንብ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ቶሎ ቶሎ የሆነ የወሎ ልጅ ነበር። ነገሩ አላስደሰተውም፤ ሆኖም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ቃል ስለሆነ ቃጠሎው በአንድ ቀን እንዲዘገይ ፈቀደ። እኔን የአባ ዱራ ባለቤት አዴ ሐሊማ ቤታቸው አሳደሩኝ። የበቆሎ ቂጣ በአይብ አቀረቡልኝ፤ በኦሮምኛ ሲያወሩኝ በደንብ ስመልስላቸው ደስ አላቸው።

በማግስቱ ነፋስ አልመጣም።

ቀኑን ሙሉ የሙዝ ቅጠል እንኳ አልተወዛወዘም። ሕዝቡ ማጭዱንና መጥረቢያውን ይዞ ከጥላ ሥር ቁጭ አለ። እንግዶቹ መጥተው ቃጠሎው መተላለፉን ሲሰሙ ካድሬውን ወደ ጎን ጠርተው አነጋገሩት፤ ምን እንዳሉት ባልሰማም ፊቱን አየሁት። በነጋው እንደሚመለሱ ነግረውት ሄዱ። እሱም ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማን እንደላከኝ፣ አለቃዬ ከዚህ በፊት ምን እንደነበሩ ጠየቀኝ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ጓዲት፣ ይህ የአሻጥር ሥራ ከሆነ ይጣራል» አለ።

ያን ዘመን የኖረ ሰው አሻጥር የሚለው ቃል እስር፣ ሞትም እንደሚያስከትል ያውቃል። በመጀመሪያ ባገኘሁት መኪና ወደ ጅማ ተመለስኩ።

አቶ ሙላቱ ብርድ ልብስ ተከናንበው ጣቢያው ውስጥ ጠበቁኝ። አዲስ ትንበያ ደርሷቸው ነበር። ነፋሱ ሐይቆቹ ዘንድ ዘግይቷል እንጂ አልቀረም፤ ነገ ይደርሳል ይላል። የካድሬውን ቃል ስነግራቸው ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈፉ። ከዚያ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«ነገ እኔ እሄዳለሁ። አንቺ ከዚህ በኋላ አትገቢበትም» አሉኝ።

«እርስዎ ከሄዱ ሰዎቹ የሚያዩት ትንበያውን ሳይሆን የእርስዎን መታሰር ነው» አልኳቸው። «የሚያውቁት እኔን ነው። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ።»

ጫማ መፈለጉን ተዉት። ቀጥሎ ያሉኝ ነገር ቢኖር ነፋሱ ይመጣል ብለሽ አትማይላቸው፣ የምታውቂውን ያህል ብቻ ተናገሪ የሚል ነበር።

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። መኪና ላይ ሆኜ የምለውን እየደጋገምኩ አጠናሁት፤ መንደሩ ጋ ስወርድ ግን ሁሉም ከአእምሮዬ ጠፋ። ሰዉ ተዳፋቱ ሥር ተሰብስቧል፤ ችቦ እየታሰረ ነው። ሲያዩኝ ወሬው ቆመ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ከመኪናው እስከ እነሱ ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ እኔ ግን መሃሉ ላይ ቀረሁ። ያኔ አዴ ሐሊማ ከሴቶቹ መካከል ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። እዚያ ሄጄ ቆምኩ።

«ትናንት ነፋስ ይመጣል ብዬ አልመጣም» አልኩ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። «ዛሬ ይደርሳል የሚል አዲስ ትንበያ አለ። ይህም ሊሳሳት ይችላል። እኔ ግን ብትተዉት ይሻላል እላለሁ።»

ካድሬው ቃጠሎው ሁለተኛ ጊዜ እንደማይተላለፍ ተናገረ። አልጮኸም። እንግዶቹ መንገድ ላይ እንደሆኑና እንደ ትናንቱ ሳያዩ የሚመለሱበት ምክንያት እንደማይኖር ብቻ አስረዳ። አባ ዱራ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ባይመጣስ?»

«ባይመጣ ደግማችሁ ትስቁብኛላችሁ።»

«ቢመጣስ?»

ከተዳፋቱ ሥር ያለውን ቡና በእጄ አሳየኋቸው። እሳቸውም ዞረው አዩት። ወደ ካድሬው ሄደው በለሆሳስ አነጋገሩት። በኋላ እንደተረዳሁት አቃጥሉ ያልከውን እናቃጥላለን፣ እንግዶቹ እስኪደርሱ ግን በተዳፋቱና በቡናው መካከል ያለውን መሬት እንድንጠርግ ፍቀድልን ነው ያሉት። እሱም ሕዝቡ ሥራ ላይ ቢገኝ ለእንግዶቹም መልካም መሆኑን አስቦ ፈቀደ።

ያን ጠዋት የሠራሁትን ያህል በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ወንዶቹ ቁጥቋጦውን ይጥላሉ፣ ሴቶቹ በዶማ ሣሩን ከነሥሩ ያነሳሉ፣ ሌሎች ደረቁን ቅጠል ጠርገው ያርቃሉ። መዳፌ ተላጠ። ከላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ፣ አየሩ ጸጥ ያለ ነበር። እውነቱን ለመናገር ነፋሱ እንዲመጣ እፈልግ አልፈልግ እንደሆነ ራሴም አላውቅም ነበር። ባይመጣ እኔና አቶ ሙላቱ አለቀልን፤ ቢመጣ እነዚህ ሰዎች።

እንግዶቹ መጡ፣ ንግግር ተደረገ፣ እሳቱ ተለኮሰ። ጭሱ መጀመሪያ ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጣ። ካድሬው ዞር ብሎ አየኝ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን ያሉት የሙዝ ቅጠሎች መንሿሿት ጀመሩ፤ የጭሱ አናት ወደ ቡናው ጎበጠ፤ ከዚያ ነፋሱ ከምሥራቅ በኩል በአንድ ጊዜ ገባ። እሳት ድምፅ እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ከባድ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን ይመስላል። እንግዶቹ ወደ ላንድሮቨራቸው ሮጡ። እኛ በእርጥብ ቅርንጫፍ እሳቱን እየቀጠቀጥን የጠረግነውን መሬት ይዘን ቆምን።

መሬቱ አብዛኛውን እሳት አቆመው። በአንድ በኩል ግን ፍንጣሪ ተሻግሮ ሁለት የሣር ቤቶችንና የማኅበሩን የቡና ችግኝ በላ። ካድሬው ካኪ ኮቱን አውልቆ እሳቱን ሲመታበት አየሁት። በአንደኛው ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ የማይችሉ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ በሩ እየነደደ ገብቶ ያወጣቸው እሱ ነው። ሲወጣ እጆቹ ተልጠው ነበር። ነፋሱ ማምሻው ላይ በረደ። አሮጌው ቡና ዳር ዳሩ ጠወለገ እንጂ ተረፈ፤ ሰው አልሞተም። አባ ዱራ አልሐምዱሊላህ እያሉ አመዱ ላይ ቁጭ አሉ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አጣሪዎች መጥተው እሳቱን ማን አስለኮሰ ብለው ጠየቁ። አባ ዱራ ሁላችንም ነን የለኮስነው አሏቸው። ካድሬው ግን ትእዛዙ የራሱ እንደነበርና ማስጠንቀቂያ ደርሶት እንደነበር አልሸሸገም። ወዲያው ወደ ሌላ አውራጃ አዛወሩት። እኔንም አቶ ሙላቱንም የጠየቀን የለም። መጋቢት ላይ ዝናቡ ጣለ፤ አዴ ሐሊማ ጅማ ገበያ ሲመጡ አንድ ቅርጫት ብርቱካን ይዘውልን ጣቢያው ድረስ መጡ። ቡናው ማበቡንም እሳቸው ናቸው የነገሩን።

ካድሬውን ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አገኘሁት። አግብቶ ጅማ ገብቷል፤ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። የጣቶቹ ቆዳ እንደተጨማደደ ቀርቷል። ለስላሳ ጋበዘኝና ስለ ልጆቻችን አወራን። ልሰናበተው ስነሳ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

«ያን ቀን ለምን ወደ መንደሩ ተመለስሽ? እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልመለስም ነበር።»

ፈርቼ ነበር አልኩት። እሱም እኔም ብሎ ሳቀ።

አባ ዱራም አቶ ሙላቱም ዛሬ የሉም። እኔም በትንበያ ሥራ ላይ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ የያዘልኝም ያልያዘልኝም ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያን እሳት አስቀረች ብለው የሚያወሩልኝ ዘመዶች አሉ፤ እሳቱ እንዳልቀረ ስነግራቸው ትሕትና ይመስላቸዋል። ዛሬ ሥራውን የያዙት ወጣቶች አንዳንዴ ቤቴ ይመጣሉ፤ የተነበዩት ሳይሆን ሲቀር ሕዝቡ እንደሚቀልድባቸው ያጫውቱኛል። እኔ ስለ ነፋሱ ብዙ አልነግራቸውም። የምነግራቸው ስለ ሁለተኛው ጠዋት፣ የሚስቅ ሕዝብ ፊት ለመቆም ስሄድ ጠጋ ብለው ቦታ ስለለቀቁልኝ ሴት ነው።