የዳማከሴ ሽታና ማሽተት የተሳነው ባልደረባዬ

ዳማከሴ ትኩሳት እንደሚያበርድ ከልጅነቴ አውቃለሁ ብዬ ለመጻፍ እጄ ያመነታል። ምች በመታኝ ቁጥር እናቴ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ ጭማቂውን ግንባሬ ላይ ትቀባኝ ነበር፤ ትኩሳቱም ይለቀኝ ነበር። የለቀቀኝ ግን በቅጠሉ ነው ወይስ ጊዜው ደርሶ? የታመመ ሕፃን ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ሪያድ ውስጥ በአንድ የመድኃኒት ምርምር ክፍል ሳገለግል፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ፈለግሁ። የክፍሉ ኃላፊ አንድ ሙከራ ብቻ ፈቀደልኝ፤ ካልተሳካ ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

ከኮሮናው ማግስት ነበር፤ በፈረንጆቹ 2021 ይመስለኛል። ከአገር ቤት በጥላ ደርቆ የመጣውን ቅጠል ሙረባዕ ሰፈር ካለው ቤቴ ወደ ክፍሉ ወስጄ በአልኮል ዘፈዘፍነው፤ አጥልለን አልኮሉን ስናተንነው አረንጓዴ ዝቃጭ ቀረልን። የክፍሉን የሙከራ አይጦች ትኩሳት እንዲነሣባቸው የእርሾ ብጥብጥ ወጋናቸው። ከዚያም ከፊሎቹ የዝቃጩን ብጥብጥ፣ ከፊሎቹ ፓራሲታሞል፣ የቀሩት ውሃ ብቻ ተሰጣቸው። የሰጠቻቸው የአገሬ ልጅ የሆነች ፋርማሲስት ናት፤ ጅራታቸውን በቀለም ለየች፣ የትኛው ቀለም የምን እንደሆነ ግን ለማንም እንዳትናገር ተስማማን። ሙቀታቸውን የምለካው እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያዋን አይጥ እንዳነሣሁ ሽታው አወደኝ። ቴርሞሜትሩን ሳላነብ ምን እንደጠጣች አወቅሁ። በዳማከሴ እየታሸ ያደገ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም፤ ያወቀ ዓይን ደግሞ ቁጥሩን ወደ ምኞቱ ሊያዘነብል ይችላል። ቴርሞሜትሩን አስቀመጥኩ።

"ምን ሆኑ ጋሼ?" አለችኝ ፋርማሲስቷ።

"እኔ መለካት አልችልም። አፍንጫዬ ነግሮኛል" ብዬ በሥራ ላይ እንደ ልማዳችን በዐረብኛ መለስኩላት።

"ማን ይለካ ታዲያ? እኔ እንደሆን ሁሉንም አውቃለሁ።"

በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጠን የነበረው ሳዑዲያዊ ባልደረባዬ ሳቀ። የፊዚዮሎጂ መምህር ነው፤ ሥራውን ከጀመርን አንሥቶ ቅጠላችንን "የፍየል ቀለብ" እያለ ሲያፌዝብን ከርሟል። ኮሮና ከያዘው ወዲህ ማሽተት ተስኖታል።

"ያ ዶክቶር፣ ባለቤቴ የኡድ ዕጣን ስታጨስ እንኳ አይሸተኝም" አለ። "ቀለባችሁን እኔ ልለካላችሁ። ካልሠራ ግን አልደብቅላችሁም።"

"እኔም የምፈልገው የማይደብቅ ሰው ነው" አልኩት።

ኮሪደሩ ላይ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደጠበቅሁ አላስታውስም፤ እግሬ መደንዘዙን ግን አስታውሳለሁ። በመጨረሻ ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ ወጣ፤ ፋርማሲስቷም ተከትላው።

"የቀዮቹ ትኩሳት እንዳለ ነው። አረንጓዴዎቹና ሰማያዊዎቹ በርደዋል፤ የአረንጓዴዎቹ በትንሹ ይበልጥ ወርዷል" አለኝ። ወደ እሷ ዞሮ፣ "ያላ፣ አሁን ተናገሪ።"

"ቀዩ ውሃ ነው። አረንጓዴው ፓራሲታሞል። ሰማያዊው ዳማከሴ ነው።"

"የፍየል ቀለቡ?"

"እሱ ራሱ።"

ባልደረባዬ ቀጥሎ የተናገረው ስለ ቅጠሉ ሳይሆን ስለ ሥራው ነበር፦ "ቀጥሎ ቅጠሉ የእግራቸውን እብጠት ይቀንስ እንደሆነ ስትፈትኑም የምለካው እኔ ነኝ። ለሌላ እንዳትሰጡብኝ።"

አይጥ ሰው አይደለም፤ አንድ ሙከራም ብዙ አያስረዳም። እናቴ ትክክል ነበረች ብዬ ለመማል ዛሬም አልደፍርም። ሆኖም በሥራ ዘመኔ ካገኘኋቸው ውጤቶች ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው፤ ምኞቴ ያልነካው፣ ሲያፌዝብን በከረመ ሰው እጅ የተለካ ነውና።

ለኃላፊው ውጤቱን ልነግር ስነሣ ባልደረባዬ ራሱ ሊነግረው ቀደመኝ። "ዳ-ማ-ከ-ሴ" እያለ ስሙን እየተለማመደ በኮሪደሩ ሲርቅ ሰማሁት።