ድልድዩ ላይ ያቆመው ሰውዬ

«ጨዋታዬስ? ናጋ ነው?»

ወንድሜ ይሄን የጠየቀኝ ከሞያሌ ማዶ ሆኖ፣ በሰው ስልክ ነው። ከቤት ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። እማን ጠየቀኝ፣ ናጋ አልኩት። ላሟን ጠየቀኝ፣ ናጋ። ዝናቡን ጠየቀኝ፤ ጠብ አላለም፣ ግን ናጋ አልኩት። ከዚያ እማ እንዳትሰማው ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ የኮምፒውተር ጨዋታውን ጠየቀኝ።

«ናጋ» አልኩት።

ካበላሸሁት አራት ቀን ሆኖኝ ነበር።

ነገሌ ያላደገ ሰው ይሄን ውሸት ነው የሚለው። እኔም ውሸት ነው የምለው። ግን ከአፌ እንዴት እንደወጣ ልንገራችሁ። እኛ ጋ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ ሰላም ይባባላል፣ ሰላምታው ደግሞ ረጅም ነው። ቤቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ከብቱ ናጋ? የሁሉም መልስ ናጋ ነው፣ ሰላም። ሰው ሞቶብህ እንኳን ቢሆን መጀመሪያ ናጋ ትላለህ። ክፉ ወሬ የሚነገረው ከተቀመጡ በኋላ ነው።

እማ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላት፤ አባታችን ሲሞት የከፈተችው ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ማመልከቻ የሚጽፈው ወንድሜ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ነጥብ አልመጣለትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ የራሱንም አብሮ ሲያስገባ ቆየ፣ ማንም አልጠራውም። በድርቁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከቆላ መጡ።

«አካም አባባ፣ ናጋ ኖት?»

«ናጋ።»

«ልጆቹስ?»

«ናጋ።»

«ከብቱስ?»

«ናጋ።»

ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙና «በል ጻፍ» አሉት። «ከብቶቼ በሙሉ አልቀዋል በል።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወንድሜ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ሰውየው ከወጡ በኋላ «ምን ያስገለፍጥሻል?» አለኝ።

«አሁን ናጋ ብለውህ አልነበር እንዴ?»

«እሱ ሰላምታ ነው። ወሬውን ቁጭ ብለው ነገሩኝ አይደል? ሰው ከተቀመጠ እውነቱን ሊናገር ነው።»

ይሄን ልብ በሉልኝ።

ጨዋታው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነበር፣ እማ እንዳታየው የማመልከቻዎች ፎልደር ውስጥ ተደብቆ። አንድ ልጅ ከሐዋሳ በሃርድ ዲስክ ይዞት መጥቶ ነው ወንድሜ የገለበጠው። ሰፊ አገር አለ፤ ተራራ፣ ገበያ፣ ገደል፣ አውሬ። አንድ ሰውዬ አለ፣ እሱ አንተ ነህ። በየመንደሩ ሰው እያናገርክ፣ እየተዋጋህ፣ እየጠነከርክ ታሪኩን ትከተላለህ። ወራት ይፈጃል። የኛ ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ደግሞ ሰውዬው እየተንቀራፈፈ ነበር የሚሄደው። መብራት ሲመጣና ባለጉዳይ ሲጠፋ ብቻ ስለሚጫወት ወንድሜ ሁለት ዓመት ፈጀበት።

ካርታው ላይ አንዴ ብትጫን የፈለግህበት ያደርስሃል። እሱ እምቢ አለ፤ በእግሩ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው መንደር ውስጥ አንድ ሽማግሌ መንገድ መሪ አግኝቶ ነበር፣ ሁልጊዜ አብረውት ናቸው። አውሬ ሲመጣ ራሱ ተነክሶ እሳቸውን ያድናቸዋል፤ ምክንያቱም እሳቸው አንዴ ከሞቱ ሞቱ።

«ትንሽ ይረፉ አባባ» ይላቸዋል ስክሪኑን እያየ።

«ለኮምፒውተር አንቱ ትላለህ? አብደሃል?»

«አንቺ ምን አለብሽ፣ ችኩሊት። አሥር ደቂቃ አትቀመጪም።»

እውነቱን ነው፣ አልቀመጥም። የደረሰበትን ሴቭ የሚያደርገው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አዲሱን ሁልጊዜ በድሮው ላይ ይደርብበታል። ቢያንስ ሁለት አስቀምጥ እንጂ ስለው «ወደ ኋላ መመለስ ካለማ ምን መሄድ ይባላል?» ይለኛል። ያናድደኝ ነበር።

ኮንሶሉን ያሳየኝ ራሱ ነው። ከኤስኬፕ ሥር ያለችውን ቁልፍ ሲጫናት ከላይ ጥቁር ነገር እንደ መጋረጃ ወርዶ ግማሹን ስክሪን ሸፈነው። እዚያ ላይ ትእዛዝ ይጻፋል። አልሙት። በግድግዳ ልለፍ። ይሄ የሞተው ይነሳ። ይሄ የቆመው ይጥፋ።

«ይሄ የሠሪዎቹ በር ነው» አለኝ። «ጨዋታውን ሲሠሩ ሥራቸውን የሚፈትሹበት። ሳይዘጉት ቀርተው ለኛም ደረሰን።»

አንድ መስመር ጻፈና እዚያ አገር ዝናብ አዘነበ። ውጪ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ሁለት ዝናብ አልፎናል። ሁለታችንም ሥራ ፈተን ስክሪኑ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እናይ ነበር። ከዚያ ድንገት ዘጋው።

«በቃ። ሁለተኛ አልነካውም።»

«ለምን?»

«ከነካሁት የሄድኩት እኔ አልሆንም።»

እኔ ግን ትእዛዞቹን አንድ ባንድ ባዮሎጂ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌያቸው ነበር።

ለእማ ዱብሉቅ ሥራ አለኝ አላት። ለኔ እውነቱን ነገረኝ፤ በሞያሌ ተሻግሮ ወደ ታች ሊሄድ ነው። ወደ ታች ማለት ደቡብ አፍሪካ ነው፣ ከኛ ሰፈር ብቻ ስንቱ ሄዷል። ሊሄድ ያለ ቀን ጠዋት ሰውዬውን አንድ ትልቅ የድንጋይ ድልድይ ላይ አቆመው። ከድልድዩ ማዶ በር አለ፣ ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ገና አላየም። ሽማግሌው አጠገቡ ቆመዋል። ሴቭ አደረገው።

«ስመጣ ከድልድዩ እቀጥላለሁ። እንዳትነኪው።»

«ምን ሊያደርግልኝ!»

በሁለተኛው ሳምንት ከፈትኩት። እማ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ናፍቆኝ ነው የከፈትኩት ብል እውነት ነው፤ ሰውዬውን ሳየው እሱን ያየሁ መሰለኝ። ግን እዚያ ላይ አላበቃሁም። በሩን ማየት ፈለግሁ። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ስሄድ ከድልድዩ ሥር አውሬዎች ወጡ። እኔ መዋጋት አልችልም። ሽማግሌው ፊቴ ገቡና ወደቁ። ደነገጥኩ። ወደ ሴቩ የምትመልሰዋን ቁልፍ የተጫንኩ መስሎኝ ሴቭ የምታደርገዋን ተጫንኳት። እንደተዘረሩ፣ በወንድሜ ሁለት ዓመት ላይ ተደረበ።

ያኔ ዘግቼ መነሳት ነበረብኝ። እኔ ግን ደብተሬን አወጣሁ። ጥቁሩን መጋረጃ አወረድኩና የሞተ የሚያስነሳውን ጻፍኩ። ተነሱ። ተነሱ ግን እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ደርቀው ቀሩ። አይናገሩም፣ አይከተሉም። እሳቸውን አጥፍቼ በትእዛዝ ሌላ አመጣሁ። አዲሱ ሽማግሌ መጥተው ወንድሜን፣ ማለት ሰውዬውን፣ ከላይ እስከ ታች አዩትና በእንግሊዝኛ «ማን ነህ አንተ? መንገድ የሚያሳይህ ትፈልጋለህ?» አሉት። የመጀመሪያው መንደር ውስጥ ሲገናኙ ያሉትን ነው። ያን ሁሉ አገር አብረው ዞረው አያውቁትም።

በግድግዳ የሚያሳልፈውን ጻፍኩና በሩን ሳልከፍት ሰንጥቄ ገባሁ። ከወዲያ በኩል ከተማ አለ፣ ሰዎች ቆመዋል፣ ግን አንድም የሚያናግረኝ የለም። ታሪኩ እኛን ገና እዚያ አላደረሰንም፤ ለነሱ አልመጣንም። ይስተካከል እንደሆን ብዬ ደግሜ ሴቭ አደረግሁ። ምን አስበሽ ነው አትበሉኝ።

አራት ቀን ቆይቶ ደወለ።

ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ሁለቴም ናጋ አልኩት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ወር ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም። እማ ሱቁ ውስጥ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ስልኩን ፊቷ አስቀምጣ ትውላለች። በመጨረሻ አንድ የማናውቀው ሰው ደውሎ ወንድሜና አብረውት የነበሩት በጭነት መኪና ሲሄዱ መንገድ ላይ ተይዘው በሰው አገር መታሰራቸውን ነገረን።

እሱ ራሱ ስልክ ያገኘ ቀን እኔ ነኝ ያነሳሁት።

«ናጋ?» አለ።

«አንተ! ትበላለህ? አመመህ እንዴ?»

«ናጋ ነኝ።» ከኋላው ሰው ያስላል፣ ሳሉ አያቋርጥም። «ስሚ፣ ድልድዩ ላይ ያለውን ሰውዬ እዚህ ሁሉም ያውቁታል። እያንዳንዷን መንገድ ነግሬያቸዋለሁ። ከበሩ ወዲያ ምን አለ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ሄጄ አይቼ እነግራችኋለሁ ብያቸዋለሁ። አለ አይደል?»

«አለ» አልኩት። «ናጋ።»

ስልኩን ዘግቼ ያቺን ያበላሸኋትን ሴቭ በፍላሽ ገለበጥኳት።

ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ገባሁ። ለምን መረጥሽው ሲሉኝ ሥራ አለው እላለሁ። ሥራ እንደሌለው ይኸው አየሁት። እውነቱ ያቺን ሴቭ ላስተካክላት ነው። በፍላሽ ይዣት ዞርኩ፤ አንድ መምህር አሳየሁትና «ለጨዋታ ነው እንደዚህ የምትጨነቂው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሦስተኛ ዓመት ላይ እንደማትስተካከል ገባኝ። የተደረበበት ነገር ከሥር የለም። ጠፍቷል።

ስለዚህ ሌላ ሠራሁ። ከዜሮ ጀመርኩና ኮንሶሉን ከፍቼ ሰውዬውን በአንድ ትእዛዝ ድልድዩ ላይ አቆምኩት። የወንድሜን ጉልበት ሰጠሁት፣ የወንድሜን ጎራዴ፣ ቀበቶውን ሳይቀር። የሄደበትን መንደር ሁሉ እንደሄደበት አድርጌ ምልክት አደረግሁ። ሽማግሌውን አመጣሁና ትውውቁን ቀድሞ እንዳለፈ አድርጌ ዘጋሁት፣ ማን ነህ እንዳይሉት። ሴቭ የተደረገበትን ሰዓት እንኳን ከሄደበት ቀን ጋር አመሳሰልኩ። ተመርቄ ስመጣ የእማ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ወንድሜ በእግሩ ሁለት ዓመት የሄደውን እኔ በአንድ ቅዳሜ ሠራሁት።

ባለፈው ወር ወንድሜን ከእስር ፈትተው ወደ አገሩ መለሱት።

ቤት ስገባ አላወቅሁትም፤ በር አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠውን ሰው እማን ፈልጎ የመጣ ባለጉዳይ መስሎኝ ሰላም አልኩት። አንድ እግሩ አይታጠፍም። ዳቦ ሲሰጡት ግማሹን ኪሱ ይከታል። ጎረቤት እየመጣ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ይለዋል፣ እሱ ለሁሉም ናጋ ይላል። እማ እግሩን ይዛ «ምን አድርገውህ ነው፣ ልጄ?» ስትለው «ናጋ ነው እማ» አላት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም፣ ውጪ ወጥታ ታለቅሳለች። ስለ እስሩ እስከ ዛሬ ቁጭ ብሎ የነገረን ነገር የለም።

በሳምንቱ ጠዋት ሱቅ መጣ። የራሴን የሥራ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር።

«ተነሽ» አለኝ። «መብራት ሳይሄድ።»

ተነሳሁለት። ፎልደሩን አልረሳውም። ኮምፒውተሩ እየተጎተተ ከፈተ፣ ድልድዩ መጣ። ሰውዬው ቆሟል፣ ሽማግሌው አጠገቡ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ዙሪያውን አሳየ፤ ወንዙን፣ ድንጋዩን፣ በሩን። ጎራዴውን አየ፣ ቀበቶውን አየ። ሁሉም ልክ ነው። ምንም አልነቃም፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ዕድሜ ልኩን አይነቃም።

ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ከፊት አንድ ጥርሱ የለም፣ ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ጠበቁኝ አይደል፣ አባባ?» አላቸው።

ሽማግሌውን የሠራኋቸው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ማንንም አልጠበቁም። እዚያ እስር ቤት ሰው እያሳለ፣ ይሄ ልጅ ይጠብቁኛል ብሎ ሲያስባቸው እሳቸው ጭራሽ አልነበሩም።

ጣቱን ወደ ፊት በምታስኬደዋ ቁልፍ ላይ አደረገ። አልተጫናትም። ፊቱን ሳያዞር «ናጋ ነው አይደል?» አለኝ። «አልነካሽውም?»

አግዳሚውን ከግድግዳው ሳብኩና ጎኑ ቁጭ አልኩ። ስቀመጥ አየኝ። ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

«ናጋ አይደለም» አልኩት። «በሄድክ በሁለተኛው ሳምንት ከፈትኩት። ሽማግሌው በኔ እጅ ሞቱ፣ ሴቩን እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይሄ የምታየው ያንተ ሰውዬ አይደለም፣ እኔ በኮድ የሠራሁት ነው።»