ሰው የጎደላት የወንዝ ዳር ከተማ

ዳውንታውን ዴንቨር በምሠራበት ፓርኪንግ ጋራዥ፣ በሴኩሪቲነት የሚሠራ አንድ ኮንጎያዊ ነበር። ረጋ ያለ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው ነው። በደንብ የተቀራረብነው ካናዳ ያለ ያጎቱ ልጅ ፎቶ ከላከለት ቀን ጀምሮ ነው። ፎቶው ላይ ሰፊ ወንዝ፣ ከወንዙ ዳር አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ደግሞ የእንጨት ቤቶች ይታያሉ።

"ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ሰዎች ከተማ ናት" አለኝ። "ትንሽ ናት። ሰው እያለቀባቸው ስለሆነ ከውጭ ቤተሰብ ይፈልጋሉ።"

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ከሰማሁ አላርፍም። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ያልሞከርኩት ስቴት፣ ያልሠራሁት ሥራ ጥቂት ነው። መጋዘን፣ ኤርፖርት፣ ታክሲ፣ አሁን ደግሞ ፓርኪንግ። ዴንቨር አጠገብ ወዳለችው ኦሮራ ከመጣን በኋላ እንኳ ስንት አፓርትመንት እንደቀየርን ባለቤቴ ናት የምታስታውሰው። አንድ ቦታ ትንሽ ከቆየሁ ደረቴን የሚጫነኝ ነገር አለ። እናቴ በልጅነቴ "ይሄ ልጅ ቂጡ መሬት አይነካም" ትል ነበር።

መኪና በማይበዛበት ሰዓት ስለዚያች ከተማ ስልኬ ላይ እፈልግ ጀመር። ያገኘሁትን ጓደኛዬ ይተረጉምልኛል። የሰዎቹ ቅድመ አያቶች ከባሕሩ ጠረፍ የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። እንግሊዞች መሬታቸውን ነጥቀው ሲያባርሯቸው፣ ከፊሎቹ በጀልባ ወንዙን ሽቅብ ተከትለው ሄዱና እዚያ ሰፈሩ። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ከነሱ በፊት የነበሩ ነባር ሕዝቦች አገር ነው። መጤዎቹ ጫካ መነጠሩ፣ ድንች ተከሉ፣ ተዋለዱ። በኋላ ወንዙ ላይ ተንሳፍፎ የሚመጣውን ግንድ የሚሰነጥቅ ፋብሪካ ተከፈተና ከተማዋ ሞላች። ፋብሪካው ሲዘጋ ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሕዝብ በተቆጠረ ቁጥር የነዋሪው ብዛት ካለፈው እያነሰ ነው የሚመጣው።

"እኔም የተወለድኩት ወንዝ ዳር ነው" አለ ጓደኛዬ። "ሰውና ዕቃ የምታመላልሰው መርከብ መምጣት ስታቆም የኛም ሰው እንዲሁ አለቀ።"

እኔን የገረመኝ ግን የቀሩት ሰዎች ነበሩ። ሱቁ፣ ጋራዡ፣ የመቃብሩ ድንጋይ ሁሉ ያንኑ ጥቂት የቤተሰብ ስም ይዟል። ተባረው መጥተው፣ አንዴ ከተቀመጡ በኋላ ይህን ያህል ዘመን ንቅንቅ አላሉም። እንዴት አድርገው ቻሉት? ጠዋት ስነሳ ከዴንቨር በፊት የዚያችን ከተማ የአየር ሁኔታ እመለከታለሁ። ባቡር ውስጥ ሆኜ እዚያ የሚሸጡ ቤቶችን ፎቶ አያለሁ። ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የፈረንሳይኛ ቃል ለብቻዬ አነበንባለሁ።

ባለቤቴ የምትሠራው ኦሮራ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ነገሩን ስነግራት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

"ደግሞ ጀመረህ?" አለችኝ። "የዚህ አገር ዊንተር አልበቃህም?"

ልጃችን ከሶፋው ላይ ቀና ሳትል "ዳድ፣ አር ዊ ሙቪንግ አጌን?" አለች፤ እንደገና ቤት ልንቀይር ነው ወይ ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ በከተማዋ ማዘጋጃ ቤት አዲስ መጪዎችን የምትቀበል ሴት ከጓደኛዬ ቤተሰብ ጋር በቪዲዮ ልትነጋገር ሆነና እሱ እኛንም ጠራን። ባለቤቴን "አንዴ ስሚና እምቢ በይ" ብዬ ለምኜ ወሰድኳት። ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ኮልፋክስ አጠገብ ወዳለው የጓደኛዬ አፓርትመንት ገብተን ሶፋው ላይ ተደራርበን ተቀመጥን።

ሴትዮዋ ፀጉራቸው የሸበተ፣ መነጽር ያደረጉ ናቸው። ከኋላቸው ባለው መስኮት በረዶ የሆነ ወንዝ ይታያል። ስለ ጀልባዎቹና ስለ ፋብሪካው ስጠይቃቸው ሳቁና፣ ከልጆቻቸው ይልቅ እኔ እንደማውቅ ተናገሩ። ባለቤቴ እስከዚያ ድረስ እጇን አጣምራ ታዳምጥ ነበር።

"ታዲያ ሰው ለምን ይሄዳል?" አለች።

ጓደኛዬ ተረጎመላቸው።

"ልዋሻችሁ አልፈልግም" አሉ። "ዊንተሩ ረጅም ነው። ሥራው ጥቂት ነው። የኔም ልጆች እዚህ የሉም። ያለን ሥራ አረጋውያንን መንከባከብ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሰው አጣን።"

ባለቤቴ ወደ ፊት ተጠጋች። አንዲት ሠራተኛ ስንት ሰው እንደምትይዝ ጠየቀች። አረጋውያኑን ቶሎ አጥባ እንድትጨርስ ያጣድፏት እንደሆነም ጠየቀች።

"የምታጥቢያቸውን ሴት በስማቸው ታውቂያቸዋለሽ" አሏት። "ልጃቸውንም ሱቅ ታገኚዋለሽ።"

"የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንስ?"

"የለም። በጣም ሩቅ ነው።"

ባለቤቴ ራሷን ነቀነቀች።

ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። መብራት ይዞን እንደቆምን "እሺ" አለች። "ሰመር ላይ ሄደን እንያት። ደስ ካለን እንኖራለን።"

የምትቀልድ መስሎኝ ዞሬ አየኋት። አልቀለደችም።

"ዊንተሩን ሰምተሻል?" አልኳት። "ቤተ ክርስቲያን የለም። ልጅቷ ቋንቋውን አታውቅም። ደግሞ እዚያ አንዴ ከገባን መውጫው ቀላል አይደለም።"

እሷ ስትለኝ የከረመችውን ሁሉ መልሼ እኔ ነገርኳት። ሰምታ ጨረሰችና "ለካ አንተ መሄድ አይደለም የምትፈልገው" አለች። ቁጣ የለባትም። "ማሰቡን ነው የምትወደው።"

ቤት ደርሰን ፓርክ ካደረግኩ በኋላ እሷ ወጣች፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። በሐሳቤ ውስጥ ያቺ ከተማ ሁልጊዜ መድረሻ ነበረች፤ ከደረስኩ በኋላ ጠዋት ተነስቼ ምን እንደማደርግባት አንድም ቀን አላሰብኩም። ሥራዋን፣ ሽማግሌዎቿን፣ ሱቋን ያሰበችው ባለቤቴ ናት፤ ያውም በአንድ ከሰዓት።

ያን ሰመር ሳንሄድ ቀረን፤ ሰበብ አላጣሁም። ጓደኛዬ ግን ወረቀቱ ጊዜ ወስዶም ቢሆን ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሄደ። ኤርፖርት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አሁን የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል፤ እሑድ እሑድ ይደውልልኛል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በተማሪ ማነስ ሊዘጋ የነበረ አንድ ክፍል በነሱና እንደነሱ በመጡ ልጆች ምክንያት እንዳልተዘጋ ነግሮኛል።

"ሰው ይጋብዘናል" አለኝ አንድ ቀን። "የማን ልጅ እንደሆንኩ ይጠይቁኛል። የአባቴን ስም እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ይይዙታል።"

ባለቤቴ በሳምንት ሁለት ማታ ፈረንሳይኛ ትማራለች። ዕቃ እያጠበች ቃላቱን ጮክ ብላ ትላቸዋለች፤ ልጃችን ከስልኳ እየሰማች "ኖ ማሚ፣ እንደዚህ ነው" እያለች ታርማታለች። ባለፈው ወር ከተማዋን ሄደን እንድናያት የአውሮፕላን ትኬታችንን ቆረጠች። ለሦስታችንም ነው።

እኔ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ነበረብኝ። ስትጠይቀኝ "ነገ" ስላት ሰነበትኩ። በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ ፖርቱጋል ውስጥ ስላለች አንዲት ከተማ ሳነብ አየችኝና ወደ ኩሽና አለፈች።

ትናንት አለቃዬን ጠየቅኩት። ወዲያው ፈቀደልኝ። ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት የሚወስደኝ ባቡር በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር፤ አልገባሁም። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኦሮራ አቅጣጫ፣ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ባለቤቴ ደውላ የት እንደደረስኩ ስትጠይቀኝ ገና ኮልፋክስ ላይ ነበርኩ። "ተፈቀደልኝ" አልኳት። "ጥሩ" አለችኝ። ስልኩን ኪሴ ከትቼ ጥቂት ፌርማታዎችን በእግሬ አለፍኩና ወደ ቤት የሚወስደኝን አውቶቡስ ያዝኩ።