የሃዳ ቶለሳ ቅል

ዛሬ ጠዋት ሱረት መስሎኝ በርበሬ በአፍንጫዬ ሳብኩ። ሱረት ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን የልጅ ልጄ ሲምቦ ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣቻትን ትንሽ ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ ሳያት የድሮ አመሌ ተነሣ። ማንም አያየኝም ብዬ በሁለት ጣቴ ቆንጠር አድርጌ ማግሁት። የሆንኩትን አፍንጫ ያለው ይገምት። ሲምቦ ሮጣ መጥታ ውሃ ስታቀርብልኝ እንኳ ሳቋን መዋጥ አቃታት።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የሜክሲኮ በርበሬ ነው። ለወጥ ያመጣሁትን ለአፍንጫ አደረጉት?» አለችኝ።

ሆቴል ቤት ምግብ አብሳይ ናትና ታውቃለች። እዚያ አገር ቀዩን በርበሬ እንጨት እያጨሱ ለቀናት ጭስ ላይ ያቆዩትና ሲጨማደድ ይፈጩታል፤ ከቦሎቄው ወጥ፣ ከሥጋው፣ ከቲማቲም ስልሱ ይገባል። ጭሱ ነው ጣዕሙ አለች። ይባስ ብላ በርበሬ ራሱ ድሮ ከዚያ ወገን የመጣ ነው አለችኝ። ቀናሁ። ሰባን ካለፍኩ በኋላ በርበሬም የሰው ነው ስባል ምን ላድርግ? ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ሽታው ነበር። አውቀዋለሁ። ነቀምቴ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ የጎረቤታችን የሃዳ ቶለሳ ማድ ቤት ነው የሚሸተው።

ሃዳ ቶለሳ በኦሮምኛ የቶለሳ እናት ማለት ነው። በራሷ ስም ማንም ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም፤ የእኔንም እናት በስሜ ሃዳ ጌታቸው ይሏት ነበር። ቶለሳ ደግሞ በትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ ጓደኛዬ ነበር። የነቀምቴ ዝናብ ጥቅምት ገባ ብሎ የሚያፍር አይደለም። ከሸዋ የመጣችው እናቴ በርበሬዋን ሰሌን ላይ አስጥታ ቀኑን ሙሉ ከደመና ጋር ትሯሯጣለች፤ አስገቡ ትላለች፣ አውጡ ትላለች፣ መልሳ አስገቡ። ሃዳ ቶለሳ ወደ ሰማይ ቀና ብላም አታይ። በርበሬዋን ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ትዘረጋዋለች፤ የወይራ ጭስ ሲጠጣ ይሰነብትና ጠቆር ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ፊት ተጨማድዶ ይወርዳል።

ምሳ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ስንቃችንን አንድ ላይ እንዘረጋ ነበር። ቶለሳ የበቆሎ ቂጣውን፣ ያን በርበሬ በቅቤ ታሽቶ የተቀባውን፣ ሲፈታ የክፍሉ እጅ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። የእኔን እንጀራ የሚነካው ዝንብ ብቻ ነው። እኔም እየበገንኩ እበላለታለሁ፤ ከሁሉም ይልቅ ብዙ የምጎርሰው እኔ ነበርኩ። ይህንንስ ችዬው ነበር። አንድ እሑድ ግን እነ ቶለሳ ቤት ተጋብዘን ስንመለስ፣ አስተማሪው አባቴ መንገድ ላይ «እንዲህ ያለ በርበሬ ከተወለድኩ አልቀመስኩም» አለ። እናቴ እርምጃዋን አፈጠነች። ሦስት ቀን ወጡ ጨው በዝቶበት ሰነበተ። ቅናቷ እንደ ጉንፋን ተጋባብኝ፤ የእኛም በርበሬ እንደነሱ መጨስ አለበት ብዬ ወሰንኩ።

በገበያ ቀን እናቴ ገበያ ወጣች፤ አባቴም ዲጋ ሄዶ ነበር። የዓመቱን በርበሬ እኩሌታ ሰፌድ ላይ ከመርኩና ማድ ቤታችን ውስጥ ካለው ቆጥ በገመድ አንጠለጠልኩት። ሃዳ ቶለሳ ሳምንታት የሚፈጅባትን እኔ እናቴ ከገበያ ሳትመለስ መጨረስ ፈለግሁ። ስለዚህ ገመዱን ዝቅ አደረግሁ፣ ጭስ እንዲበዛ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነቅጠሉ ማገድሁ፣ ጭሱ እንዳያመልጥ በሩን ዘጋሁ። ሊቅ ነበርኩ። እሳቱ ገመዱን በላና በርበሬው ከነሰፌዱ ምድጃው ውስጥ ወረደ።

የዕድሜ እኩዮቼ የቀረውን ታውቁታላችሁ። በዚያ ዘመን ከተዘጋ ቤት የበርበሬ ጭስና የልጅ ሳል አብረው ከወጡ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባለጌ ልጅ በበርበሬ እየታጠነ ነው። ሰው ውሃ ይዞ አይመጣም፤ ሊማልድ ነው የሚመጣው። ሰፈሩ «ስለ እግዜር ማሪው!» እያለ ደጃችን ተሰበሰበ። በሩን በእግሯ ብላ የገባችው ሃዳ ቶለሳ ነበረች። እጄን ይዛ ጎትታ አወጣችኝና ዓይኔን በአጓት እያጠበች፣ «ኢልመኮ፣ ልጄ፣ እናትህ ናት እንዲህ ያረገችህ? ዘግታብህ ሄደች?» ስትል ጠየቀችኝ።

እውነቱን ብናገር፣ በበርበሬሽ ቀንቼ ነው ማለቴ ነው። ቶለሳ ደግሞ ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አዎ፣ እናቴ ናት።

እናቴ ዘንቢሏን ይዛ የደረሰችው ያኔ ነው። ሃዳ ቶለሳ በሰው ፊት ወረደችባት። «ሃዳ ጌታቸው፣ አንቺ የወለድሽው አይደለም? ከብት እንኳ እንዲህ አይታጠንም» አለቻት። እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፤ ቀጥላ በበሩ በኩል የተቃጠለውን ገመድና ሰፌዱን አየች። ሁሉ ገባት። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አንገቷን ደፍታ «አዎ፣ እጄ ከበደ» አለች።

ማታ ምድጃውን ስትጠርግ ብቻ «የቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፤ ተረቱን ከዚያ ወዲህ በሰማሁ ቁጥር ያስለኛል።

በማግስቱ ቶለሳ አንድ ቅል ሙሉ የቆጥ በርበሬ ይዞ መጣ። እናቱ፣ «ልጁን በአፍሽ ቅጪው፤ በርበሬውን ወጥ ውስጥ ጨምሪው» ብላ ነበር የላከችው። ምሽት ላይ አባቴ ከዲጋ ተመልሶ ሲበላ «ዛሬስ እንዲህ ነው እንጂ» አለ። እናቴ «የጎረቤት ነው» አለችው። ለእኔ የዋሸችው ሴትዮ ለራሷ አልዋሸችም። ቅሉን ስታጥብ እጄ ላይ አስቀምጣ፣ ሞልተህ የምትመልሰው አንተ ነህ፣ ስትመልስም የምትናገረውን ታውቃለህ አለችኝ። ሞልቶ የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ ቆየሁ።

አሁን የተጨሰ በርበሬ በክዳን ታሽጎ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዓይኔ እስኪያነባ ሳልኩ፤ ከሲምቦ ሌላ በሩን የገፋ ሰው የለም። ያኔ አንድ ልጅ ቢስል ሰፈር ይነቃነቅ ነበር።

እናቴም ሃዳ ቶለሳም አርፈዋል፤ ያቺ ደግ ሴት እናቴን እንደ ጨካኝ አድርጋ እንዳወቀቻት ነው የሄደችው። ቶለሳ ኑኑ ቁምባ ይኖራል። በየበዓሉ ስልክ ሲደውል «አንተ ሌባ፣ ቅላችንስ?» ይለኛል። እስቃለሁ። ቅሉ አልጋዬ ሥር ነው፤ አልተሰነጠቀም። ለቶለሳ አንድ ቅል በርበሬና አንድ ዐረፍተ ነገር አለብኝ፤ ያን ቀን እናቴ ቤት አልነበረችም።