ቡሬ ላይ መኪናዬን ያዳኑልኝ ባልና ሚስት

በኢሕአዴግ ጊዜ፣ ሞባይል ገጠር ድረስ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ እኔ ከቋሪት ድንች እየጫንኩ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም አመላልስ ነበር። መኪናዬ መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ በጨረታ የሸጣት፣ አፍንጫዋ ረጅም የሆነ ነጭ ፒክአፕ ናት። አርጅታለች፤ ጉልበቷ ግን የበሬ ነበር። ጭቃ ላይ ሌላው ሲሰምጥ እሷ እያጓራች ትወጣለች።

አንድ ክረምት አመሏ ተለወጠብኝ። መጀመሪያ ያስቸገረኝ ክላክሷ ነው፤ ማንም ሳይነካት ትጮኻለች። ጅጋ ገበያ መሐል ጮኻ አህያ አስደንብራ የሰው በርበሬ አስደፍታለች። ቀጥሎ በጠራራ ፀሐይ መጥረጊያዎቿ ደረቁን መስታወት ይፍቁት ጀመር። በሮቿም እኔ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ በራሳቸው ይቆለፋሉ። ፊውዝ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ አልሆነም። ወዳጆቼ ጠበል እንድረጭባት መከሩኝ፤ ረጨሁ። ለአንድ ሰሞን ዝም ብላ እንደገና ጀመረች።

ያስደነገጠኝ ግን ከቋሪቷ ገበዘ ማርያም ስወርድ የደረሰው ነው። ጠዋት ነው፤ ጉሙ መሬት ነክቷል፣ ዝናቡም ይወርዳል። አጠገቤ አንድ የቅኔ መምህር ተቀምጠዋል። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ መጥረጊያው ቀጥ አለ፤ መብራቱም አብሮ ጠፋ። ከፊቴ የሚታየኝ ነጭ ነገር ብቻ ሆነ። ፍሬን ይዤ እያዘገምኩ በግምት ወደ ተራራው ጥግ አስጠጋኋትና ቆምኩ። እንውረድ ብንል በሩ ተቆልፏል፤ መስኮቱም አልወርድ አለ። ዝናቡ እስኪያባራ እኔ በላብ፣ የኔታ በጸሎት ተቀመጥን።

ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይቺ መኪና ታማለች እንጂ ጋኔን አልያዛትም። ቡሬ ዓይኑ የማያይ ሰው አለ፤ እሱ ይይልህ» አሉኝ።

«የኔታ፣ የማያይ ሰው ምን ያይልኛል?»

«እሱ ባያይ የምታይለት አለችው» አሉና ፈገግ አሉ። ዝናቡ ሲያባራ በሩ በገዛ ራሱ ተከፈተ።

ሰውየውን አገኘሁት። ከአንድ ጎማ ጥገና ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ቤት የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም። ከዓመታት በፊት ባትሪ ፈንድቶ አሲዱ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥፍቶበታል። ሚስቱ ያን ጊዜ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጥ ነበር። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሲሸሹ ቅመሙን ትታ አጠገቡ ቁጭ አለች፤ «እጅህ አለ፤ ዓይኔ አለ። ምን ጎደለን?» ብላው ነበር። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝም እንደ ሀብታም ሰው ኮራ ብሎ ነበር።

የመኪናዬን አመል ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ባልየው ከመሪው ሥር ተንጋለለና፣ «ሞተር አታስነሳ፤ ቁልፉን ብቻ ክፈት። ማንም እንዳያወራ» አለ። ከዳሽቦርዱ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጆሮውን እየቀያየረ አዳመጠ። ከዚያ ሽቦዎቹን በጣቱ እየመዘዘ ሲያሳያት እሷ በእጅ ባትሪ እያበራች ቀለማቸውን ትነግረዋለች።

«ቡኒ ነው፤ ነጭ መስመር አለበት።»

«ተከተይው። ወዴት ገባ?»

«እዚች ጥቁር ሳጥን ውስጥ።»

ፈትተው አወጧት። የእጅ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ስትከፈት አንዱ ጥጓ አረንጓዴ ሻግቷል። እሱ አሸተታትና፣ «ውኃ ጠጥታለች። ከፊት መስታወቱ ጠርዝ ነው የገባው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አስረዳኝ። «ሞተሩን የሚያዘው ሌላ ነው። ይቺ መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ ክላክሱን፣ በሩን ነው የምታዘው። የድግስ አጋፋሪ በላት። አጋፋሪ ሲሰክር እንግዳው ሁሉ ይተራመሳል።»

«ታጥባ አትድንም?»

«ገና ስትጀምር ይዘሃት ብትመጣ ኖሮ ትድን ነበር። አሁን ውስጧ ተበልቷል። ትቀየር።»

እሷ ሳጥኗ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አዲስ አበባ አሮጌ ዕቃ ለሚሸጥ ነጋዴ በስልክ አነበበችለት። መልሶ እንዲያነብላትም አደረገች፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከተለያየች ሳጥኗ ለሌላ መኪና ናት፣ ለእኛ አትሆንም። ዕቃው በአውቶቡስ እስኪመጣ መኪናዬ በራቸው ላይ ቆማ ሰነበተች። እሱ የመስታወቱን ጠርዝ በጣቱ እየዳሰሰ ውኃ የሚገባበትን ቀዳዳ አግኝቶ ደፈነው።

ሳጥኗ መጣች፤ ገጠሟት። ቁልፉን ብከፍት መብራቱ በራ፣ መጥረጊያው ሠራ፣ ክላክሱም ስነካው ብቻ ጮኸ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሞተሩን ላስነሳ ስል ግን እምቢ አለ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

«አላወቀችህም» አለ ባልየው። «ቁልፉን የምትፈትሸውም ይቺው ሳጥን ናት፤ የለመደችው ደግሞ የድሮ መኪናዋን ቁልፍ ነው። አንተ ሌባ መስለሃታል።»

ቁልፉን የሚያስተዋውቃት መሣሪያ በአካባቢው አልነበረም። ሰውየው ጥቂት አሰበና አንድ መንገድ እንዳለ ነገረን። በእያንዳንዷ ሳጥን ውስጥ የምታውቀውን ሁሉ የያዘች፣ ስምንት እግር ያላት፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነገር አለች። ያቺን ከአሮጌዋ ነቅሎ አዲሷ ላይ መበየድ ነው። ውኃው እሷ ጋ ካልደረሰ መኪናዋ ቁልፌን ታውቀዋለች።

«ስትነቀል ብትቃጠልስ?» አልኩት።

«ያን ጊዜ ሁለቱም ሳጥን ከንቱ ነው።»

ሚስትየው እንዲህ ያለውን ከተበላሹ ሬዲዮዎች ላይ እየነቀለች ተለማምዳ ነበር፤ በሰው መኪና ላይ ግን አልሞከረችም። ባሏ አልከለከላትም፣ አልገፋፋትምም። እሷ ነች ወደ እኔ ቀና ብላ፣ «ይፈቅዳሉ?» ያለችኝ። ፊቷን አየሁት። አልፈራችም፤ አልተመካችምም። «እጅሽ ይባረክ፤ ጀምሪው» አልኳት።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ቀን ስለነበር ከተማው ጨለመ አይባልም፤ የምትበይድበት ካውያ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ብረት ብቻ ነው። ለነገ ይደር ይላሉ ብዬ ስጠብቅ እሷ ከጎረቤት የከሰል ምድጃ ይዛ መጣች። ወፍራም የብረት ካውያ ጫፍ ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠመጠመች፤ ጫፉን ሹል አድርጋ ፍሙ ውስጥ ቀበረችው። ሳጥኗን በር ላይ፣ ብርሃን በሚገባበት፣ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠች። ሲግል ካውያውን ለባሏ ትሰጠዋለች፤ እሱ ወደ ጉንጩ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ይለካና፣ «ገና ነው» ወይም «ያዢ» ይላታል።

ሰው ፊት ባሏን አንቱ ነበር የምትለው። ሥራው ሲጠብቅባት አንተ ሆነ።

«ግሏል በለኛ!»

«ቆይ... አሁን። እግሯን ብቻ ንኪ።»

«አንዱ ወገን ለቀቀ።»

«ሸተተኝ፤ አንሺ! አንሺው!»

እኔ ማየት አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። ተመልሼ ስገባ ያቺ ጥቁር ፍሬ በወረንጦዋ ጫፍ ተይዛለች። የሴትየዋ ግንባር በላብ ወርዝቷል።

«ጥጓ ላይ ያለችው ነጥብ ወዴት ነበረች?» አላት ባሏ።

«ወደ ብሎን ቀዳዳው።»

«አዲሷም ላይ እንደዚያው አድርጊያት። ከተገለበጠች አበቃ።»

በይዳ ስትጨርስ ሳጥኗን ገጠሙና ቁልፉን ሰጡኝ። አዞርኩት። ቀይዋ መብራት አንዴ በርታ ጠፋች፤ ሞተሩ ተነሳ። ሴትየዋ ምድጃው አጠገብ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ባሏ በኮፈኑ ጠርዝ እየዳበሰ ወደ ፊት ሄዶ መዳፉን መብራቱ ላይ አሳረፈ፤ መስታወቱ እስኪሞቅ ጠበቀ። ከዚያ እጁን የፊት መስታወቱ ላይ ዘረጋና መጥረጊያው ጣቶቹን እየገፋ ሲያልፍ ሣቀ። በጥርሱ ሁሉ የሳቀ ሰው እንዲያ ሲያምር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት ሠራችልኝ፤ በኋላ መራዊ ላለ የእህል ነጋዴ ሸጥኳት። ለእኔ የተረፈኝ የእነሱ ወዳጅነት ነው። የቡሬ ሹፌሮች ቤቱን «የሴትየዋ ጋራዥ» ይሉት ጀመር፤ ባሏ ይህን ሲሰማ ደስ ይለው እንደነበር አውቃለሁ፣ ለእንግዳ ሁሉ ራሱ ነበር የሚያወራው።

አንድ ቀን ልጠይቃቸው ጎራ ስል በራቸው ላይ ትልቅ አውቶቡስ ቆሟል። ሁለቱም ዳሽቦርዱ ሥር ገብተው ስለ አንድ ሽቦ ይከራከራሉ።

«ጥቁር ነው! የማየው እኔ ነኝ!» ትላለች።

«ቡኒ ነው! እዚህ ጋ ጥቁር አይገባም። በጭስ ጠቁሮ ነው፤ ጥረጊው!» ይላል።

የአውቶቡሱ ሹፌር ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማንኛቸውን ልመን?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ጠብቅ» አልኩትና አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።